ግልጽ ደብዳቤ፦ አንድ ሊትር ዘይት አንድ ኪሎ አይደለም

ይድረስ ለከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለዋጋ ተመን ኮሚቴው አባላት፣ ሱቅ ለሱቅ እየዞራችሁ ለምትቆጣጠሩን ባለሙያዎችም ጭምር

ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ይሄን የምንጽፍላችሁ ከመናኸሪያው ጀርባ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ገበያው ድረስ ዘይት በችርቻሮ የምንሸጥ ባለሱቆች ነን። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የደጋ ከተማ ችርቻሮ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፣ ሙሉ ጀሪካን የሚገዛን ሰው በወር አንዴ ቢመጣ ነው፣ ሌላው ግማሽ ሊትር፣ ሩብ ሊትር፣ ደሞዝ ሲርቅ ደግሞ "የ30 ብር ዘይት ቅዳልኝ" የሚል ነው። ቢሮ ሦስት ጊዜ መጥተናል። አንዴ ስብሰባ ናቸው፣ አንዴ መስክ ወጥተዋል፣ ሦስተኛው ላይ ማመልከቻችሁን መዝገብ ቤት አስገቡ ተባልን፣ አስገባን፣ ያው እዛው ቀረ። ስለዚህ ሰው ሁሉ እያየው በአደባባይ ብንጽፈው ይሻላል ብለን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በየሱቃችን በር ላይ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እየተቀዳ የሚሸጥ ዘይት ከእንግዲህ በሚዛን በኪሎ እንጂ በሊትር አይሸጥም ይላል። እሺ። ዝቅ ብሎ ደግሞ ዋጋው ባለበት ይቀጥላል ይልና ድሮ ለሊትር የነበረውን ዋጋ እንዳለ አንስቶ ለኪሎ ይሰጠዋል። በቅንፍ ደግሞ "1 ሊትር = 1 ኪሎ"። ፊርማም ክብ ማህተምም አለው። እቺ ቅንፍ ውስጥ የገባች ነገር ናት እንግዲህ ይሄን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ እሱን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ዘይት ግን ውሃ አይደለም። ወጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዘይቱ ላይ ሲንሳፈፍ ያየዋል፣ የሚንሳፈፈው ስለሚቀል ነዋ። የሱፉም የአኩሪ አተሩም የኑጉም የሰሊጡም ዘይት በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትሩ 920 ግራም አካባቢ ነው የሚመዝነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢለያይ በጥቂት ግራም ነው። ስለዚህ ሊትሩን ኪሎ ለማድረግ በ0.92 ማባዛት፣ ኪሎውን ሊትር ለማድረግ ለ0.92 ማካፈል፣ አለቀ። 1 ኪሎ ዘይት 1 ሊትር ከ87 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ባለ 3 ሊትሩ ጀሪካን 2.76 ኪሎ፣ ባለ 5ቱ 4.6 ኪሎ፣ ባለ 20ው 18.4 ኪሎ። ካላመናችሁን አንዳንድ ፋብሪካ የታሸገው ዘይት ላይ ሁለቱንም ስለሚጽፍ ሊትሩንም ኪሎውንም ከልጣፉ ላይ ማንበብ ነው፣ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ሆነው አታገኟቸውም።

ይሄ ደግሞ ላገራችን ሰው አዲስ ነገር ሆኖ አይደለም። የመንዝን ገበሬ አንድ ቁና ገብስና አንድ ቁና ጤፍ እኩል ይመዝናል ብትሉት ይስቅባችኋል። ማር ነጋዴውን ጠይቁት፣ ሊትር በሚይዝ ዕቃ ማር ሞልታችሁ ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት ዕቃው ሳይቆጠር 1.4 ኪሎ አካባቢ ይመጣል፣ በኪሎ ዋጋ ሊትር ስጥ ቢባል ሱቁን ዘግቶ አገሩ ይገባል። ወተት እንኳን፣ እኛ ወተት አገር ነን፣ አንድ ሊትሩ ከኪሎ በ30 ግራም አካባቢ ይበልጣል። ዘይት ላይ ሲደርስ ነው እንዴ ሊትርና ኪሎ መንታ የሚሆኑት?

አንደኛው በደላችን ኪሳራው ነው።

እኛ ዘይት ከጅምላ አከፋፋዩ የምናመጣው በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፣ ዋጋውም በሊትር ተሰልቶ ነው የሚመጣልን። የዘይት ዋጋ እንደምታውቁት ሳምንት ሳይሞላው ስለሚቀያየር ለስሌት እንዲመቸን ብቻ ሊትሩን በ280 ብር ገዛን፣ በ300 ብር ሸጥን እንበል። ጀሪካኑ 5,600 ብር ወጣበት። በሊትር ስንሸጠው 20 ጊዜ 300፣ 6,000 ብር ይሆናል፣ 400 ብር አለን ማለት ነው፣ ከሷ ላይ የጋሪ፣ የፌስታል፣ የቤት ኪራይ፣ ግብር። አሁን በማስታወቂያው መሠረት ያንኑ ጀሪካን በኪሎ በ300 ብር ስንሸጠው 18.4 ጊዜ 300፣ 5,520 ብር። ከገዛንበት በ80 ብር ያነሰ! ፌስታሉ ሳይታሰብ፣ ጀሪካኑ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ሳይታሰብ። ሰው ከነጋ ጀምሮ ቆሞ ሲቀዳ ውሎ ማታ ላይ ለደንበኛው 80 ብር መርቆ የሚገባበት ንግድ የት አለ?

ትክክለኛው ቀላል ነው። በሊትር 300 ከሆነ በኪሎ 300 ሲካፈል ለ0.92፣ 326 ብር ነው። 18.4 ጊዜ 326፣ 5,998 ብር ከምናምን፣ ያው 6,000 በሉት። ደንበኛው ምንም አልተጎዳም፣ 26 ብር ሲጨምር 87 ሚሊ ሊትር ዘይትም አብሮ ጨምሮለታል። እኛ ግን ይሄን ብናደርግ "ከተመን በላይ ሸጠሃል" ተብለን ልንታሸግ ነው። አንዱ ጓደኛችን አድርጎት ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል።

ሁለተኛው ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ስም ነው። እሱ ነው ያንገበገበን።

ከመካከላችን አንዲት እናት አሉ፣ ከሁላችንም በፊት ሱቅ የከፈቱ፣ ሰፈሩ በሙሉ እትዬ እያለ የሚጠራቸው። ማስታወቂያው ሲለጠፍ ሚዛን አልነበራቸውም፣ የእህታቸው ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ እስኪያመጣላቸው እየጠበቁ ነበር። ማታ ማታ በወተት መስፈሪያቸው፣ ያቺ እጀታዋ ረጅም የአልሙኒየም አንድ ሊትር፣ እየሰፈሩ በሃይላንድ ቀድተው መደርደሪያ ላይ ያቆማሉ። የተቆረጠ የሃይላንድ አፍ እንደ ማስገቢያ አድርገው ነው የሚቀዱት፣ ጠብ አትልም። የቁጥጥር ባለሙያው መጣ፣ አንዱን ሃይላንድ አንስቶ ይዞት በመጣው ሚዛን ላይ አስቀመጠ፣ 950 ግራም። "50 ግራም አጉድለዋል" አላቸው። እሳቸው "ልጄ እኔ እኮ በሊትር ነው የሰፈርኩት፣ ይኸው መስፈሪያዬ" ይላሉ። "ሊትርም ኪሎም ያው ነው እማማ፣ ማስታወቂያውን አላነበቡም?" ብሎ ጻፈ። በሊትር ሸጡ ብሎ ቢከሳቸው እንኳን አንድ ነገር ነው፣ ማስታወቂያው ወጥቷልና። የተጻፈባቸው ግን "ሚዛን በማጉደል" ነው። ሱቃቸው አራት ቀን ታሸገ፣ ቅጣቱንም ከፈሉ። ከሱቁ በላይ ያመማቸው እሑድ ቤተክርስቲያን ሲሄዱ ሰው ዞር ብሎ ሲያያቸው ነው። "ባረጀሁ ጊዜ ሌባ ተባልኩ" እያሉ ለሁላችንም ደጋግመው ነገሩን።

በማግስቱ ጎረቤታቸው የሆነ የፊዚክስ መምህር መጣና ሁለት አንድ ዓይነት ባዶ ሃይላንድ አስመጣ። አንዱ ብቻውን ሲመዘን 30 ግራም። በዛችው የወተት መስፈሪያ አንዱን ውሃ፣ አንዱን ዘይት ሞላቸው። የውሃው 1,030፣ የዘይቱ 950። ሃይላንዶቹን 30፣ 30 ሲቀንሱት ውሃው ድፍን 1 ኪሎ፣ ዘይቱ 920 ግራም። እኔ ቆሜ አይቻለሁ፣ ሌሎችም ከአሥር በላይ ሰዎች ነበርን፣ አንዱ ጫማ ጠራጊ ልጅ እንኳን ገባው። ልብ በሉ እንግዲህ፣ እትዬ 50 ግራም አጎደሉ ሲባሉ ዘይቱን ብቻ ቢመዝነው ኖሮ በዛው ሒሳብ "80 ግራም" ይላቸው ነበር፣ ባለሙያው የፕላስቲኩን ክብደት እንኳን አልቀነሰም። ሁለት ስህተት ባለበት ሚዛን ነው አንዷ ሴት ሌባ የተባለችው።

በነገራችን ላይ የዕቃ ክብደት ነገር ጀሪካን ላይም አለ። ባለ 20ውን ባዶውን የኔ ሱቅ ውስጥ መዝነነው ወደ 1 ኪሎ ነው። ሙሉው ሚዛን ላይ ሲወጣ 19.4 አካባቢ ያሳያል። ይሄኔ አላዋቂ ያየ እንደሆነ 600 ግራም ብቻ የጎደለ ይመስለዋል፣ ዕቃውን ቀንሶ ያየ ደግሞ 1.6 ኪሎ ተሰረቅን ብሎ ይጮሃል፣ ሁለቱም ትክክል አይደሉም፣ 20 ሊትር ሙሉ ነው።

ይሄንን ስል የእድራችን ነገር ትዝ አለኝ። ሦስተኛ በደል ብዬ ልጻፈው፣ ምክንያቱም የናንተው ማስታወቂያ ከሱቅ አልፎ ሰው ቤት ገብቷል። እድራችን ለተዝካር ዘይት ግዙ ተብሎ "20 ኪሎ" ብሎ በቃለ ጉባኤ ያዘ፣ ገንዘብ ያዡ ሰውዬ ባለ 20 ጀሪካን ገዝቶ አስገባ። ዕቃ ግምጃ ቤት የያዘችው ሴትዮ ጠንቃቃ ናት፣ የገባውን ሁሉ መዝና ነው የምትረከበው፣ 18 ኪሎ ከ400 ብላ ጻፈች። በወሩ ስብሰባ ሒሳብ ሲነበብ ሂሳብ መርማሪው ተነሳ፣ "1 ኪሎ ከ600 ግራም ዘይት የት ገባ?" ገንዘብ ያዡ ቆመ፣ "እንግዲህ አልጠጣሁት!" ሳቅ ሆነ፣ ከዛ ሳቁ ወደ ጠብ ሄደ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰውዬው ጀሪካኑን ከቤቱ አምጥቶ ልጣፉን እስኪያሳይ ድረስ፣ 20 ሊትር ይላል እንጂ 20 ኪሎ አይልም፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክረዋል። አንዱ ግን ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? "መንግሥት ራሱ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው ብሎ በማህተም ለጥፏል፣ እናንተ ማን ናችሁ?" አለ። መልስ አልነበረንም።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን ሐቁን እንናገር፣ ይሄ ደብዳቤ ነጋዴ ሁሉ መልአክ ነው የሚል አይደለም። በሊትር ሲሸጥ ሌብነት ነበረ። ታቹን በእሳት አስነክተው ወደ ውስጥ ያስገቡት ሃይላንድ አለ፣ አረፋውን አብሮ የሚቀዳ አለ፣ የመስፈሪያውን ጠርዝ ደፍጥጦ ግማሽ ጣት የሚያስቀር አለ። የታሸገ ውሃ የመጣበት ሃይላንድም ቢሆን እስከ አፉ ከሞላችሁት ከተጻፈበት ይበልጣል፣ እስከ አንገቱ ካቆማችሁት ደግሞ ሊያንስ ይችላል፣ ስለዚህ እሱም መስፈሪያ አይደለም። ሚዛን መምጣቱን አልጠላንም። እንደውም እውነቱን እንናገር ከተባለ ለኛ ብርድ አገር ሚዛን ይሻላል፣ ለምን ብትሉ፣

ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል፣ ፓልም ዘይት ጀሪካን ውስጥ እንዳለ ይረጋል። ጠዋት ሱቅ ከፍታችሁ ጀሪካኑን ስታዘነብሉት ምንም አይወጣም፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ እንደ ሸኖ ቅቤ ተጋግሯል። ፀሐይ ላይ እናወጣዋለን፣ ከሰል አጠገብ እናስጠጋዋለን፣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፣ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት መላክ አለበት። እንደዛ በግማሽ የረጋ ዘይት በሊትር መስፈሪያ ሙሉ ብላችሁ ብትሰፍሩት ማን በምን ያውቃል፣ ውስጡ ክፍተት አለው። በሚዛን ግን ረጋም ቀለጠም ያው ነው፣ ኪሎው አይለወጥም። ፓልም ደግሞ ቀልጦ ሲሞቅ ከሱፉ ትንሽ ይቀላል፣ ሊትሩ 900 ግራም አካባቢ ይወርዳል፣ ይቺም በማስታወቂያው ላይ ብትገባ ጥሩ ነው።

ሙቀትም ሊትሩን ይለውጠዋል። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፣ በየአንዱ ዲግሪ አንድ ሊትሩ 0.7 ግራም ገደማ ይቀንሳል። እኛ ጠዋት 10 ዲግሪ ላይ አንድ ሊትር ስንሰፍር 927 ግራም አካባቢ ነው። አንዱ አባላችን ወንድሙ ሸዋ ሮቢት ሱቅ አለው፣ ጣርማበርን ወርዶ ደብረ ሲናን አልፎ ቆላ ነው፣ እዛ 30 ዲግሪ ላይ ያው አንድ ሊትር 913 አካባቢ ይሆናል። በጀሪካን ሲሰላ 280 ግራም ልዩነት። ማንም አልሰረቀም፣ አየሩ ነው። ከደጋ ጢም ብሎ ተሞልቶ የወረደ ጀሪካን ቆላ ላይ ክዳኑ ሲከፈት የሚፈሰውም ለዚህ ነው። ይሄን ያህል በግራም ሂሳብ አትያዙ እያልን አይደለም፣ እያልን ያለነው ባለሙያው ሊትርን በሚዛን ሲፈትሽ ጥቂት ግራም ወዲህ ወዲያ ቢያይ ሌባ አገኘሁ ብሎ እንዳይቸኩል ነው።

አራተኛው ነጥብ አጭር ነው። ይሄ ቅንፍ ሁላችንንም እኩል አልጎዳም። ኑግ አስጨምቀው ዘይቱን ከመጭመቂያው በኪሎ ተመዝኖ የሚረከቡ አሉ። 20 ኪሎ ሲረከቡ 21.7 ሊትር ነው በእጃቸው ያለው። ከከተማ ውጪ ባለው ገበያ ላይ፣ ማስታወቂያው ባልደረሰበት፣ ያንን በሊትር በዛው ዋጋ ሲሸጡት 1.7 ሊትር ትርፍ ከሰማይ ይወርድላቸዋል። ከጭመቃው የሚተርፈውን ፋጉሎ እንኳን ሳንቆጥር። በኪሎ የሚገዛ ይከብራል፣ በሊትር የሚገዛ ይከስራል። ይሄ በሥራ ጉብዝና ቢሆን እሺ፣ በቅንፍ ነው እንጂ።

ሸማቹስ? ሸማቹ ባሁኑ ሰዓት ተጠቃሚ ነው ትሉ ይሆናል፣ ለጊዜው እውነት ነው። ግን ከኛ መካከል ሁለት ሱቆች ዘይት መያዝ አቁመዋል፣ ሌሎቹም የታሸገ ብቻ ነው ያለን ማለት ጀምረዋል። የታሸገው ትንሹ አንድ ሊትር ነው፣ የ30 ብር ዘይት የምትገዛዋ ሴት፣ ቦምቦሊኖ ጠብሳ መናኸሪያ የምትሸጠዋ፣ ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ሽሮና ምስር የምታበላዋ እናት የት ትሂድ? ከዛም ደግሞ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ትክክለኛውን መረጃ ከየት ያምጣው።

አሁን የምንጠይቀው ይሄን ነው።

ማስታወቂያው ይነሳና በሌላ ይተካ። በአዲሱ ላይ የሊትር ዋጋና የኪሎ ዋጋ ጎን ለጎን ይጻፍ፣ የኪሎው የሊትሩ ዋጋ ለ0.92 ተካፍሎ፣ ከሱ ሥር ደግሞ ሩብ ሊትር 230 ግራም፣ ግማሽ ሊትር 460 ግራም፣ አንድ ሊትር 920 ግራም ተብሎ በትልቁ ይጻፍ፣ ቀሪውን እኛ እናሰላዋለን። ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ሁለቱም አብረው ይቀየሩ። እናንተ ካልጻፋችሁት እኛ 326 ስንል ሕዝቡ ዋጋ ጨመሩ ብሎ በኛ ላይ ነው የሚጮኸው፣ ስለዚህ ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ማስረዳትም የናንተ ፋንታ ነው።

ቁጥጥር የሚወጣ ባለሙያ በሊትር የተሸጠን በሊትር መስፈሪያ፣ በኪሎ የተሸጠን በሚዛን ይፈትሽ፣ ሚዛን ላይ ከማስቀመጡ በፊት ባዶ ዕቃውን መዝኖ ይቀንስ። ይሄ ረጅም ሥልጠና አያስፈልገውም፣ ግማሽ ቀን ይበቃል።

የእትዬ ቅጣት ይመለስላቸው። ገንዘቡ ብቻ አይደለም፣ "ሚዛን በማጉደል" የሚለው ከፋይላቸው ይሰረዝና ሱቃቸው በር ላይ እሽጉ ተለጥፎ በነበረበት ቦታ ላይ የይቅርታ ወረቀት ይለጠፍ። ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ጓደኛችንም እንዲሁ፣ እሱ እኮ ትክክለኛውን ሒሳብ ነው የሠራው።

ሚዛኖቻችንንና መስፈሪያዎቻችንን በሥነ ልክ (የመለኪያ ዕቃ ትክክለኛነት) ባለሙያ አስመርምሩልን፣ ክፍያ ካለው እንከፍላለን፣ ምልክት ይደረግባቸው። ታቹ የተሰረጎደ ሃይላንድ ይዞ የተገኘ ከኛ ውስጥም ቢሆን ይቀጣ፣ አንከላከልለትም። ሚዛን ለመግዛት አቅም ላጡት ደግሞ፣ ሦስት አሉ፣ የሁለት ወር ጊዜ ስጧቸው፣ እስከዛው በመስፈሪያ ይሽጡ።

ይሄ ሁሉ ከፍልሰታ በፊት ቢያልቅ ደስ ይለናል፣ ነሐሴ ሲገባ የዘይት ገበያ መልሶ ይደራልና ያኔ በዚህ ቅንፍ ከሄድን ዘይት የሚቀዳ ሱቅ ላታገኙ ትችላላችሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ሱቅ ፊት ለፊት ሚዛን፣ የወተት መስፈሪያ፣ አንድ ሃይላንድ ውሃና አንድ ሃይላንድ ዘይት ይዘን እንቆያለን። መምህሩም ክፍለ ጊዜ የለውም፣ እመጣለሁ ብሏል። ከናንተ አንድ ሰው፣ ኃላፊው ባይመቻቸው የኮሚቴው ጸሐፊም ቢሆን፣ መጥቶ በዓይኑ ይይ።

ከሰላምታ ጋር

የዘይት ችርቻሮ ባለሱቆች ተወካይ፣ ራሱም ባለሱቅ
ሰሜን ሸዋ

ግልባጭ፦ ለሰፈሩ ሸማቾች፣ ለእድሮች ገንዘብ ያዦችና ሒሳብ መርማሪዎች